የሆኪ ተጫዋች እንጀራዋ ከየት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በገና እትማችን ላይ ስለ ገና ጨዋታና ሜዳ ላይ በዱላ ኳስ እየመቱ ስለሚጫወቱት ስለ ሆኪ ሁለት አንቀጽ ጽፌ ነበር። ብዙ ሰው ያነበዋል ብዬ አልጠበቅሁም። ደብዳቤ ግን መጣ፤ ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከኩታበርም። የእግር ኳስ ጥያቄዎቻችሁን ለሚቀጥለው እትም አቆይቻቸዋለሁ፤ አርሰናል የትም አይሄድም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የፓሪሱን ኦሎምፒክ የሴቶች ሆኪ ፍጻሜ በቴሌቪዥን ካየሁ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። አባቴ 'ይሄማ ገና ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?' ይለኛል። እኔም ከወንድሞቼ ጋር ገና እጫወታለሁ፤ ሩሯን ከእነሱ እኩል እመታለሁ። ዓለም አቀፍ የሆኪ ተጫዋች መሆን እፈልጋለሁ። ኑሯቸው ምን ይመስላል? ይከፈላቸዋል? እስከ ስንት ዓመታቸው ይጫወታሉ? እኔስ ከዚህ ተነስቼ ምን ላድርግ? እናቴ 'በዱላ እንጀራ አይበላም' ብላኛለች። እባክዎ ለእሷም መልስ ይስጡልኝ።»

ልጄ፣ ከእናትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት ይዘዋል። በሆኪ እንጀራ ይበላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንጀራውን የሚሰጠው ሌላ ነው።

ይህን ያየሁት ህንድ አገር ፓቲያላ ለትምህርት በሄድኩ ጊዜ ነው። ፓቲያላ ፑንጃብ ውስጥ ናት። ብርዱ ሲገባ ጉሙ የእኛን የደሴን ጉም ያስንቃል፤ ፊት ለፊትሽ የቆመውን ሰው ይውጠዋል። በዚያ ጉም ውስጥ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ልጆች የሆኪ ዱላቸውን ብስክሌት ላይ አስረው ወደ ሜዳ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ሻዬን ይዤ በመስኮት አያቸዋለሁ።

ከተከራየሁበት ቤት ማዶ አንድ ጎረቤት ነበረኝ። በወረቀት የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ባቡር ላይ ሲወጣ ግን ብዙም አላየሁትም፤ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ሆኪ ቡድን ተጫዋች ነበር። ደመወዙ በየወሩ ይገባለታል። ሲታመም የሚያሳክመው መሥሪያ ቤቱ ነው። መጫወት ሲያቆም ደግሞ የምሩን ትኬት መቆጣጠር ይጀምራል። ለህንድ ብሔራዊ ቡድን ከተጫወቱት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አንዱ የፖሊስ፣ አንዱ የባቡር፣ አንዱ የባንክ፣ አንዱ የነዳጅ ድርጅት ተቀጣሪ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። የሆኪ ሰዎች ሁሉ ስሙን የሚያነሱት ድያን ቻንድ ወታደር ነበር። በ1905 ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ሠራዊቱን ተቀላቀለ። ቀን ሥራ ስላለበት ሌሊት በጨረቃ ይለማመድ ነበር ይባላል። በ1928 አምስተርዳም፣ በ1932 ሎስ አንጀለስ፣ በ1936 በርሊን ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ። ሎስ አንጀለስ ላይ ህንድ አሜሪካን ያሸነፈችው 24 ለ 1 ነው። አዎ፣ 24 ለ 1፤ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። በበርሊኑ ፍጻሜ ደግሞ ጀርመንን በገዛ አገሯ 8 ለ 1 ሸኟት። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው የወታደር ደመወዝ ነው የሚበላው። ጡረታ የወጣውም በሻለቃነት ነው። ዛሬ የልደቱ ቀን፣ ኦገስት 29፣ የህንድ ብሔራዊ የስፖርት ቀን ሆኖ ይከበራል።

አሁንስ? አሁን ገንዘብ ትንሽ ትንሽ መጥቷል። የህንድ ሆኪ ሊግ ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ሲመለስ ክለቦቹ ተጫዋቾችን በጨረታ ገዙ። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሃርማንፕሪት ሲንግ በ7.8 ሚሊዮን ሩፒ ሄደ። በዚያው ጊዜ የሴቶች ሊግም ተጀመረ። ከሴቶቹ በውድ ዋጋ የተገዛችው ኡዲታ ዱሃን ናት፤ 3.2 ሚሊዮን ሩፒ። ከወንዱ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህንን የምነግርሽ ተስፋ እንድትቆርጪ ብዬ አይደለም፤ ከገባሽበት አውቀሽ ግቢበት ብዬ ነው። ደግሞም እነዚህ ሁለቱ የጫፍ ጫፍ ናቸው። ከነሱ በታች ያለው ብዙው ተጫዋች ሥራ አለው ወይም ይማራል።

ፓሪስ ላይ ያየሻቸው የሆላንድ ሴቶች ቻይናን በመለያ ምት አሸንፈው ነው ወርቁን የወሰዱት። የወንዶቹንም ወርቅ የወሰደችው ሆላንድ ናት። እዚያ ሆኪ የክለብ ነገር ነው። ልጅ በስድስት በሰባት ዓመቷ የሰፈሯ ክለብ ትገባለች፣ እናትና አባቷም እዚያው ይጫወታሉ፣ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ ሜዳ ነው። ከውጭ የሚሄዱ ጥሩ ተጫዋቾች ክለቡ ማደሪያ ይሰጣቸዋል፤ ጥቂት ደመወዝም አለ፤ ከሰዓት በኋላ የክለቡን ሕፃናት ያሠለጥናሉ። ሀብት የለውም። ግን ኑሮ ነው።

እስከ ስንት ዓመት ላልሽው፣ ሁለት ሴቶችን ልጥራልሽ።

አንዷ የእንግሊዟ ኬት ሪቻርድሰን ዋልሽ ናት። ለብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረችው በ1999 ሲሆን የጨረሰችው በ2016 ነው። በዚህ መሃል 375 ዓለም አቀፍ ጨዋታ ተጫውታለች። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ፣ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ፣ የተቃራኒ ቡድን ዱላ አገጯ ላይ አርፎ አጥንቱ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ በዚያው ውድድር ተመልሳ ሜዳ ገባች፤ ቡድኗም ነሐስ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ሪዮ ላይ አምበል ሆና ወርቁን አነሳች። ለእናትሽ ይህን የአገጩን ነገር አታንብቢላቸው።

ሌላዋ ራኒ ራምፓል ናት። ይህችን በደንብ ስሚያት። የተወለደችው በህንድ ሃርያና ግዛት ሻሃባድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ ጋሪ ጎታች ነበሩ። ዱላ የመግዣ ገንዘብ ስላልነበረ በተሰበረ ዱላ ጀመረች። አሠልጣኙ ሠልጣኞቹ ሁሉ በየቀኑ ግማሽ ሊትር ወተት ይዘው እንዲመጡ ያዙ ነበር፤ የእነራኒ ቤት ግን ያን ያህል አቅም የለውም። ያለችውን ወተት ውሃ እየጨመረችባት ትሄድ እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ብሔራዊ ቡድን የገባችው በ14 ዓመቷ ነው። ቶኪዮ ላይ በእሷ አምበልነት የህንድ ሴቶች አራተኛ ወጡ፤ ከ1980ው የሞስኮ ኦሎምፒክ ወዲህ እንዲያ ያለ ውጤት አግኝተው አያውቁም ነበር። በ2024 ተጫዋችነቱን ስታቆም 30 ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። አንዷ 17 ዓመት ተጫወተች፣ ሌላዋ 15 ዓመት ገደማ። ጉልበትና ጀርባ ከፈቀዱ ልክሽ በዚያ መሃል ነው። ሆኪ ጎንበስ ብሎ የሚሮጡት ስፖርት ስለሆነ ወገብ ቀድሞ ይጎዳል።

«ከዚህ ተነስቼ» ላልሽው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ አብሽሪ፣ መጥፎ ብቻ አይደለም።

ሯጭ ብትሆኚ ነገሩ ቀላል ነበር አልልም፣ ግን መንገዱ ይታይ ነበር። ጫማ ታስሪያለሽ፣ ሐረጎን ሽቅብ ትወጫለሽ፣ ሰዓትሽን ትይዣለሽ። ሰዓቱ ጥሩ ከሆነ አንድ ክለብ ያይሻል። በቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን ያወጣችው እንዲህ ነው። ሆኪ ግን ለብቻ አይሆንም። 11 ያንቺ፣ 11 የሌላው ያስፈልጋል። ከዚያ ዳኛ፣ ከዚያ ሊግ፣ ከዚያ ፌዴሬሽን። የአገር ማሊያ ለመልበስ አገርሽ በዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን በኩል መወዳደር አለባት። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ሆኪ ተጫውታ አታውቅም። ደሴ ውስጥም ስንት ዓመት ስፖርት ሳስተምር በሆጤ ሜዳ የሆኪ ግጥሚያ አላየሁም። እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት መጋዘን የነበረው ሁሉ ኳስና መረብ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊው ዱላ አይደለም። ሌሎች ዘጠኝ ሴት ልጆች ናቸው።

ለምን ዘጠኝ አልኩ? ሆኪ አምስት ለአምስት የሚባል አጭር ዓይነት አለው። ግብ ጠባቂዋን ጨምሮ አምስት አምስት ሆነው ይጫወታሉ። ሜዳው ከመደበኛው በብዙ ያንሳል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ኦማን ሙስካት ውስጥ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ተካሂዶለታል፤ በሁለቱም ጾታ ያሸነፈችው ያችው ሆላንድ ናት። ከአፍሪካ እነ ዛምቢያና ኬንያ ነበሩበት። ሙሉውን ሜዳ፣ 91.4 በ55 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ላይ ለሴቶች ሆኪ የሚለቅልሽ ሰው አታገኚም። ወንዶቹ በኳስ ይዘውታል። የትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይውላል።

ሲሚንቶው ደግሞ እንዳትንቂው። ዓለም አቀፍ ሆኪ ሳር ላይ መጫወት ካቆመ ቆይቷል። ከ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሎምፒክ ጀምሮ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ ነው። ምንጣፉን ከጨዋታ በፊት ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ ኳሷ እንድትንሸራተት። ጀሪካን ይዞ ለሚሰለፍ ሰው ይህን መናገር ያሳፍራል። ፌዴሬሽኑም አሁን ውሃ የማይፈልግ ምንጣፍ ይምጣ እያለ ነው። ህንድ ስምንት የኦሎምፒክ ወርቅ አላት፤ የመጨረሻው ግን የ1980 ነው። ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ። እኔ ሳር ላይ ያደገ እጅ ምንጣፍ ላይ ስለዘገየ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ሳር የሌለበት ልስልስ ሲሚንቶ ከሣር ሜዳ ይልቅ ለእውነተኛው ሜዳ ይቀርባል። ከጽኑዋ የሆኪ ኳስ በፊት በቴኒስ ኳስ ጀምሩ። ድንጋይ በመስመር ደርድሩና በመሃሉ እየተጠማዘዛችሁ ኳሷን ንዱ። ከዱላ እንዳትለይ። አሰልቺ ነው፤ ግን የሆኪ እጅ የሚሠራው በዚህ ነው።

አባትሽ «ገና ነው» ያሉት ልክ ናቸው፤ እስከ ተወሰነ ድረስ። ዓይንሽን፣ ድፍረትሽን፣ ሩጫሽን ገና ሰጥቶሻል። አንዳንዱን ግን መርሳት አለብሽ። በገና በዱላው በሁለቱም በኩል ትመቻለሽ፤ በሆኪ በጠፍጣፋው ፊት ብቻ ነው፣ በጀርባው ከነካሽ ጥፋት ነው። ኳሷ እግርሽን ከነካችም ጥፋት ነው። ሰው መግፋት የለም፣ በተቃራኒ ዱላ ላይ መምታት የለም። ጎልም የሚቆጠረው ከጎሉ ፊት 14.63 ሜትር ላይ ከተሰመረው ክብ ውስጥ ከተመታ ብቻ ነው፤ ከሩቅ የለጋሻት ብትገባም ዋጋ የላትም። እኛ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን። የሆኪ ዳኛ ግን ይቆጣል፤ በአረንጓዴ ካርድ ሁለት ደቂቃ፣ በቢጫ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ከሜዳ ያወጣሻል፣ ቀዩን ካሳየሽ ወደ ቤትሽ ነው።

አፍሪካ ውስጥስ ማን ተሳካለት ካልሽ፣ ሁለት ታሪክ አለ። በ1980 ብዙ አገሮች ሞስኮ ኦሎምፒክ አንሄድም ብለው ሲቀሩ ለሴቶች ሆኪ ቡድን ጠፋ። ነፃነቷን ከወራት በፊት ያገኘችው ዚምባብዌ ተጠራች። ውድድሩ ሳምንታት ሲቀሩት ቡድን ሰበሰበች፤ ሁሉም ነጮች ነበሩ። ሄደው ወርቁን ይዘው መጡ። ለእያንዳንዳቸው በሬ ቃል ተገብቶላቸው የደረሳቸው ግን የታሸገ ሥጋ ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር «ዕድል ነው» ይሉኛል። ዕድሉ መጠራታቸው ነው። ስትጠሪ ዱላ መያዝ የምታውቂ መሆን ግን ዕድል አይደለም፤ ሴቶቹ በየክለባቸው ለዓመታት ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው።

ሁለተኛዋ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በ1971 ባርሴሎና ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የወንዶች ዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጥታለች። ከተጫዋቾቿ ብዙዎቹ ቤተሰባቸው ከፑንጃብ የመጣ ነው። አቭታር ሲንግ ሶሃል የሚባለው ተከላካይ በአራት ኦሎምፒኮች ለኬንያ ተሰልፏል። ናይሮቢ ለኛ ከፓቲያላም ከአምስተርዳምም ትቀርባለች። አንድ ቀን አሥራችሁ መጫወት ስትለምዱ የመጀመሪያ ግጥሚያ የምትጠይቁት እነሱን ነው።

አንቺ 16 ዓመት ገደማ ነሽ። ለብሔራዊ ቡድን ደረጃ ዘግይተሻል፤ የሆላንዷ እኩያሽ አሥር ዓመት ተጫውታለች። ኦሎምፒክ ትሄጃለሽ ብዬ አልሸነግልሽም። ግን ሆኪ ዳኛም አለው፣ አሠልጣኝም አለው፤ ዓለም አቀፍ ዳኞች ለጨዋታ ከአገር ወደ አገር ይዞራሉ። ሕጉን ከአሁኑ ብታጠኚ ማንም አይቀድምሽም። ለእናትሽም ይህን በይልኝ፦ የሆኪ ልጅ ትምህርት የምትተው አይደለችም፤ ስፖርቱ ራሱ ደመወዝ ስለማይሰጣት ዲግሪዋን ይዛ ነው የምትጫወተው።

«ለመምህሩ፣ እንደምን ሰነበትክ። ኩታበር ነኝ፣ ዕድሜዬ ሰባ አልፏል። በልጅነታችን ገናን መንደር ለመንደር ተጋጥመን እንጫወት ነበር። የልጅ ልጄ በስልኩ ሆኪ ሲያሳየኝ ይሄንን ፈረንጆቹ ከእኛ ነው የወሰዱት አልኩት። እሱ አይደለም አለኝ። ማን ነው ልክ?»

አባቴ፣ ልጁ ነው ልክ። አይቆጡት።

በበትር ኳስ መምታት የብዙ ሕዝብ ጨዋታ ነው። ግብፅ ውስጥ ቤኒ ሐሰን በሚባል ቦታ 4,000 ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆልማማ በትር ይዘው ተፋጠው ተስለዋል። ዛሬ በቴሌቪዥን የሚታየው ሆኪ ሕጉ የተጻፈው እንግሊዝ አገር ነው። የክሪኬት ተጫዋቾች ለክረምት ማሳለፊያ ብለው በ1870ዎቹ ሕግ አበጁለት፤ በ1886 ማኅበር አቋቋሙ። ወደ ህንድ የወሰደው የእንግሊዝ ጦር ነው። ህንዶቹም ተምረው መምህሩን አሸነፉት።

ገና የራሳችን ነው፤ ለዚያ የፈረንጅ ምስክር አያሻውም። ይልቅ አንድ ነገር ልለምንዎት። የእናንተ ጊዜ ሕግ ምን ነበር? ስንት ስንት ሆናችሁ ትሰለፉ ነበር፣ ጎሉ ምን ነበር፣ ሩሯ ከምን ትሠራ ነበር፣ ሲደባደቡ ማን ይገላግል ነበር? ለልጅ ልጅዎ ይንገሩትና በዚያው ስልክ ይቅዳው። ከላኩልኝ በሙሉ አትመዋለሁ።

«ሰላም መምህር። ደሴ አራዳ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ እሠራለሁ። ልጆች የሆኪ ዱላ ሥራልን ብለው መጡብኝ። የገና በትር በልጅነቴ ጠርቤያለሁ፣ ይሄኛው ግን መለኪያ አለው ይላሉ። ምን ያህል ነው? ወይራ ይሆናል?»

ወንድሜ፣ መለኪያ አለው፤ እርስዎ ከሚሠሩት መስኮት የበለጠ ጥብቅ ነው። ለአዋቂ ከ105 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ክብደቱ ከ737 ግራም በላይ ከሆነ ዳኛው አይቀበለውም። ውፍረቱን ለማየት 5.1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከላይ እስከ ታች ካላለፈ ተጥሏል። በቁመቱ በትንሹ ቢጎብጥ ይፈቀዳል፣ ግን ጉብጠቱ ከ25 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ዋናው ነገር የግራው ፊት ነው፤ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ቀኙ ክብ። ሹል ነገር፣ ምስማር፣ ሽቦ የለም። እንጨቱ ቢሰነጠቅ በሽቦ አስሬ አጠነክረዋለሁ እንዳይሉ፤ የልጅ ዓይን አለበት።

ጫፉ ነው የሚያስቸግርዎት። የገና በትር ጫፉ ከዛፉ ቆልማማ ሆኖ ይገኛል፤ ጫካ ገብቶ መርጦ መቁረጥ ነው። የሆኪ ዱላ ጫፍ ግን አጭርና ጥምዝ ነው። ድሮ ህንድ ጃላንዳርና ፓኪስታን ሲያልኮት ውስጥ ሲሠሩት የሐር ትል ከሚመገበው የእንጆሪ ዛፍ እንጨት ያወጡና በእንፋሎት እያለሰለሱ ያጥፉት ነበር። ያ እንጨት ሳይሰበር ይታጠፋል። ጃላንዳር ሄጄ ሠራተኞቹን አይቻለሁ፤ እንጨቱን ካጠፉ በኋላ ለብዙ ቀን ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፣ ፀሐይ አያሳዩትም። አሁን ትልልቆቹ ተጫዋቾች የሚይዙት ከካርቦንና ከመስታወት ክር የተሠራውን ነው፤ እሱ የእርስዎ ነገር አይደለም።

ወይራ ጠንካራ ነው፣ ከባድም ነው። ለገና ተስማሚ ሊሆን ይችላል፣ ለሆኪ ግን ልጅን ያደክማል፣ በ737 ግራምም ማቆም ይከብድዎታል። ቀለል ያለ፣ ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ በደንብ የደረቀ እንጨት ይምረጡ። በእንፋሎት ማጠፍ ካልሆነልዎ ሁለት ሦስት ስስ ቁራጭ በሙጫ ደራርበው በማጠፊያ ይሰሩት፤ ከአንድ ወጥ እንጨት በላይ ይጠነክራል። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቫርኒሽ ይቀቡት፤ ውሃ ከጠጣ ያብጣል። መያዣው ላይ የድሮ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጠው ይጠቅልሉበት፣ እጅ አያሟልጭም። ለሕፃናት ከሆነ ሰባ፣ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ዋጋውን እኔ አልነግርዎትም። ልጆቹ ግን ኪሳቸው ባዶ ነው፤ ከአልጋው ላይ ይካሱ።

«መምህር፣ የ9 ዓመት ልጄ ግራኝ ነው። የገና ዕለት በትሩን በግራ ሲይዝ ልጆቹ ሳቁበት። የእናንተን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ደግሞ ሆኪ እጫወታለሁ ብሎ አስቸግሮኛል። የግራኝ ዱላ የት ይገዛል? ደሴ፣ ፒያሳ።»

እህቴ፣ የግራኝ ዱላ የትም አይገዛም። ሕጉ አይፈቅደውም። በዓለም ላይ ሜዳ የሚገባው ዱላ ሁሉ ጠፍጣፋው በግራ ነው፤ ግራኙም ቀኙም አንድ ዓይነት ይይዛል።

ልጁ ግን አይጎዳም። ሲይዙት ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ እጅ ከታች ነው። ኳሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያመላልሱ ዱላውን የሚያገላብጠው ግራ እጅ ነው፤ የታችኛው እጅ ይደግፋል እንጂ አይመራም። ፓቲያላ ላይ አሠልጣኞቹ ቀኝ እጃቸው የበረታ ልጆችን ግራቸውን ለማጠንከር ሲያለፏቸው አይቻለሁ። የእርስዎ ልጅ ያንን ይዞ ተወልዷል። የሳቁበት ልጆች ከሁለት ወር በኋላ ኳሷን ሊቀሙት ሲሞክሩ ይይዋቸው።

ዱላውን ሲያሠሩለት ቀጥ ብሎ ቆሞ ከወገቡ አጥንት ብዙም የማያልፍ ይሁን። የቅልጥም መከላከያ የእግር ኳሱ ይበቃዋል፣ ገበያ ላይ ሞልቷል። የጥርስ መከላከያ ግን በደንብ የሚገጥምለትን ይፈልጉለት፤ ቋሚ ጥርሶቹ እየወጡ ያሉበት ዕድሜ ስለሆነ የጥርስ ሐኪም ቢያዩት ይመረጣል። እሱ እስኪገኝ በቴኒስ ኳስ ይጫወት።